በወንዝ ሸለቆ ውስጥ ባለች ከተማ አየሩ በብርድ ወራት ብቻ የሚበላሸው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ከ«ወንዝ ዳር»

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው በሁለት ሸንተረሮች መካከል፣ ወንዝ ዳር በተቆረቆረች መካከለኛ ከተማ ውስጥ ነው። ዝናብ በሚዘንብባቸውና ነፋስ በሚበዛባቸው ወራት አየሩ ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል። ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ መቀዝቀዝ ሲጀምር ግን ከምሽት እስከ ረፋድ ድረስ ከተማዋ በጭስ ትዋጣለች። ከተዳፋቱ ላይ ቆሞ ቁልቁል ለተመለከተ ሰው ጭሱ ከላይ በኩል ቀጥ ባለ መስመር ያበቃል፤ ከመስመሩ በላይ ያሉት ቤቶች ጣሪያቸው በፀሐይ ሲያበራ ከበታቹ ያለው ሰፈር ጭራሽ አይታይም።

ግራ ያጋባኝ ነገር የሚከተለው ነው። ከከተማዋ ዳር ያለው ፋብሪካ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል፤ የመኪናውም ቁጥር በዝናብ ወራት አይቀንስም። በብርድ ወራት ለማሞቂያ የሚነድደው እንጨት እንደሚጨምር አውቃለሁ፤ ነገር ግን የአየሩ መበላሸት ከዚያ ጭማሪ ጋር የሚመጣጠን አይመስለኝም። ከጎረቤቶቼ ግማሾቹ ጭሱን ነፋስ ከሌላ አካባቢ ያመጣዋል ይላሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ ጉም እንጂ ጭስ አይደለም ብለው ይከራከራሉ። መስኮቴ አጠገብ አነስተኛ የብናኝ መለኪያ ሰቅያለሁ። ቁጥሩ ከፍ የሚለው መኪና በሚበዛበት እኩለ ቀን ሳይሆን ከመሸ በኋላና ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ጉም በወረደባቸው አንዳንድ ጠዋቶች ደግሞ ለማመን የሚያስቸግር ቁጥር ያሳያል።

ስለዚህ የምታውቁ እንድትረዱኝ እጠይቃለሁ። የዚህ ሁሉ መንሥኤ ምንድን ነው? መለኪያዬንስ ምን ያህል ልመነው? አስም ያለባቸው አረጋዊት እናቴ አብረውኝ ስለሚኖሩ መስኮት የምከፍትበትንና እርሳቸው ከቤት የሚወጡበትን ሰዓት ማወቅም እፈልጋለሁ። በመጨረሻም የሰፈራችን ነዋሪዎች በፋብሪካው ላይ አቤቱታ ለማቅረብ ፊርማ እያሰባሰቡ ነው፤ ከመፈረሜ በፊት ጣታችንን የቀሰርነው በትክክለኛው ቦታ ላይ መሆኑን ማረጋገጥ እወዳለሁ።

መልስ፦ ከ«ሰማይ ተመልካች»

በጥያቄዎ ውስጥ አንድ ግምት ተሸሽጎ አለ፤ መልሱም እዚያው ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። የሚወጣው ጭስ እስካልጨመረ ድረስ አየሩ ሊበላሽ አይገባም የሚለው ሐሳብ ልክ የሚሆነው ጭሱ የሚቀላቀልበት የአየር መጠን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቢሆን ነበር። በሸለቆ ውስጥ ግን ይህ መጠን በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ከአሥር እጥፍ በላይ ሊለዋወጥ ይችላል። ፀሐይ መሬቱን ባሞቀችበት ከሰዓት በኋላ ጭሱ እስከ 1,500 ሜትር ከፍታ ድረስ እየተናጠ ቢቀላቀልና ሌሊት በ100 ሜትር ውፍረት ውስጥ ቢታሰር፣ የነፋሱን መቆም ሳንቆጥር ክምችቱ 15 እጥፍ ይሆናል፤ ለዚህም አንድም ምድጃ፣ አንድም መኪና መጨመር አያስፈልግም።

ይህ እንዴት እንደሚሆን እነሆ። በተለመደው ሁኔታ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይቀዘቅዛል፤ አማካዩ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። መሬት አጠገብ የሞቀው አየር ስለሚቀል ሽቅብ ይወጣል፣ ጭሱንም ይዞት ይሄዳል። ደመና በሌለበት ሌሊት ግን መሬት ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቃለች፤ እርሷን የነካው አየርም አብሮ ይቀዘቅዛል። በተዳፋቱ ላይ የቀዘቀዘው አየር ስለሚከብድ በየቦዩና በየፈፋው እየተንሸራተተ ወደ ሸለቆው ወለል ይወርዳል፣ እዚያም ይጠራቀማል። እኩለ ሌሊት ላይ ከወንዙ ዳር ተነሥቶ ተዳፋቱን የሚወጣ ሰው እየበረደው ሳይሆን እየሞቀው ይሄዳል። የሜትዎሮሎጂ ባለሙያዎች ይህን ሁኔታ ኢንቨርዥን ይሉታል። ከባዱና ቀዝቃዛው አየር ከታች፣ ቀላሉና ሞቃቱ ከላይ ስለሆነ የሚያንቀሳቅሳቸው ነገር የለም፤ ሞቃቱ ንብርብር እንደ ድስት ክዳን ሸለቆውን ይገጥመዋል። ከየጭስ ማውጫው የሚወጣው ጭስ በዙሪያው ካለው አየር ጋር ሙቀቱ እስኪስተካከል ድረስ ጥቂት ከፍ ይልና ወደ ጎን ይተኛል። ከተዳፋቱ ላይ ሆነው የሚያዩት ቀጥ ያለ መስመር ይህ ንብርብር ያለበት ከፍታ ነው።

ይህ ሁሉ በብርድ ወራት የሚበረታበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ሌሊቱ ረጅም ስለሆነ መሬት የምትቀዘቅዝበት ጊዜ ይረዝማል። ሰማዩ ጥርት ያለና አየሩ ደረቅ ስለሆነ ሙቀቱን አግቶ የሚመልስ ደመናና የውሃ ተን የለም። ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምታልፍ የሸንተረሩ ጥላ ከሸለቆው ወለል ላይ የሚነሣው ዘግይቶ ነው። ከፍተኛ የአየር ግፊት አካባቢውን ሲይዘው ደግሞ ነፋሱ ይሞታል፤ ንብርብሩ በቀንም ሳይፈርስ ለተከታታይ ቀናት ሊሰነብት ይችላል፣ ያኔ የዛሬው ጭስ በትናንቱ ላይ ይደረባል። በዝናብ ወራት ሌሊቱን ደመና ስለሚያለብሰው፣ ነፋሱም ስለማያርፍ ከዚህ ሁሉ አብዛኛው አይደርስም።

ወንዙም የራሱ ድርሻ አለው። ውሃው ሌሊት ከአየሩ ይልቅ ስለሚሞቅ እየተነነ ጉም ያበጃል፤ የጉሙ ገጽታ የጠዋቷን ፀሐይ ወደ ላይ እየመለሰ ንብርብሩ የሚፈርስበትን ሰዓት ያዘገያል። ስለዚህ ጎረቤቶችዎ የሚከራከሩበት ጉዳይ ሁለት ነገር አይደለም፤ ጉሙም ጭሱም አሉ፣ አንዱ ሌላውን ያቆየዋል። ከሌላ አካባቢ ነፋስ ያመጣዋል የሚለውን ግን ቢያንስ ለእነዚህ ጠዋቶች አልቀበለውም። ነፋስ ያመጣው ጭስ ቢሆን ኖሮ ከመስመሩ በላይ ያሉትንም ቤቶች ባልማረ ነበር። በሌሊት የሚነፍሰው ለስላሳ ነፋስ ከተዳፋቱ ወርዶ የወንዙን ፍሰት ተከትሎ ቁልቁል የሚሄደው ነው፤ ሸለቆው የሚጠብብበት ቦታ ካለ ቀዝቃዛው አየር እዚያ ይገደብና ከጠባቡ በላይ ያሉት ሰፈሮች ከሌሎቹ ይብሱባቸዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ይዘነጋዋልና። ፀሐይ ወጥታ ንብርብሩ መፍረስ ሲጀምር አየሩ ወዲያው አይጠራም። ሌሊቱን ከፍ ብሎ የተኛው ጭስ ከሥር ከሚነሣው አየር ጋር ተናጥቶ ወደ መሬት ይወርዳል፤ በዚህ ጊዜ ቁጥሩ ለጥቂት ጊዜ ሽቅብ ይዘላል፣ ከዚያ በኋላ ነው በፍጥነት የሚወርደው።

መልስ፦ ከ«መለኪያ»

ስለ መሣሪያዎ ብቻ እናገራለሁ። በየቤቱ የሚሰቀሉት ርካሽ መለኪያዎች ብናኙን አይመዝኑትም፤ አየሩን በትንሽ ማራገቢያ ስበው በሌዘር ጨረር ፊት ያሳልፉትና ቅንጣቶቹ የሚበትኑትን ብርሃን ይቆጥራሉ። የአየሩ እርጥበት ከ75 ወይም ከ80 በመቶ ሲያልፍ ደቃቁ ብናኝ ውሃ እየጠጣ ያብጣል፤ ጉም ሲወርድ ደግሞ የጉሙ ጠብታ ራሱ እንደ ብናኝ ይቆጠራል። ስለዚህ ጉም በወረደባቸው ጠዋቶች ያዩት የማይታመን ቁጥር በእርግጥም በሙሉ የሚታመን አይደለም። ያ ማለት ግን ጭስ የለም ማለት አይደለም፤ ቁጥሩ ከመጠን በላይ ተጋንኗል ማለት ብቻ ነው። ጉሙ ከተነሣና እርጥበቱ ከወረደ በኋላ ያለውን ንባብ ቢይዙ ይሻላል።

የእንጨት ጭስንም እነዚህ መሣሪያዎች አብዝተው የማንበብ ጠባይ አላቸው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ፐርፕል ኤር የሚባለውን መለኪያ ንባብ በእሳትና ጭስ ካርታው ላይ ከማውጣቱ በፊት በግማሽ ገደማ የሚቀንስና የእርጥበቱን መጠን ከግምት የሚያስገባ ቀመር ያሳልፈዋል። በአንጻሩ ሻካራውን አቧራ አሳንሰው ያነቡታል። ስለዚህ ነፋስ በሚበዛባቸው ወራት «ንጹሕ ነው» ያሉትን አየር መሣሪያው ስላላሳየው ብቻ ንጹሕ ነው ብለው አይደምድሙ።

ቦታውንም ይመርምሩት። መስኮት አጠገብ ብለዋል፤ የኩሽና መስኮት ከሆነ ወይም የራስዎ ጭስ ማውጫ በቅርብ ካለ የሚለካው የከተማዋን ሳይሆን የቤትዎን አየር ነው። ፀሐይ የማያገኘው፣ ነፋስ ግን የሚዘዋወርበት፣ በሰው ቁመት ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ቦታ ይበቃዋል።

ከሁሉ በላይ ግን የ24 ሰዓቱን አማካይ ብቻ አይመልከቱ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባሻሻለው መመሪያ ለፒ.ኤም. 2.5፣ ማለትም ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር ለማይበልጠው ደቃቅ ብናኝ፣ የ24 ሰዓቱን አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ25 ወደ 15 ማይክሮግራም፣ የዓመቱን ደግሞ ከ10 ወደ 5 ዝቅ አድርጎታል። እንግዲህ አንድ ሸለቆ ለ8 ሰዓት 90 ማይክሮግራም፣ ለቀሪው 16 ሰዓት 9 ማይክሮግራም ቢኖረው የቀኑ አማካይ 36 ይመጣል። ይህ 36 በየትኛውም ሰዓት ያልነበረ አየር ነው። መስኮት ለመክፈትና ለመዝጋት የሚጠቅመው የየሰዓቱ ንባብ ነው፤ ከመመሪያው ጋር ለማነጻጸር ግን አማካዩን መውሰድ ግድ ይላል። የአንድ ሰዓትን ቁጥር አንሥተው ከ24 ሰዓቱ ወሰን ጋር እያነጻጸሩ የሚያስደነግጡ ሰዎች አሉና ይጠንቀቁ።

መልስ፦ ከ«የሳንባ ክፍል ነርስ»

ስለ እናትዎ ጤና ያነሡትን ልመልስ። በብርድ ወራት የታመሙ ሰዎች ሲመጡ ብዙ ጊዜ የምሰማው ነገር «ንጹሕ አየር ለመቀበል ጎሕ ሲቀድ እየተነሣሁ እሄዳለሁ» የሚለው ነው። ሸለቆ ውስጥ ለሚኖር ሰው ይህ የቀኑ መጥፎ ሰዓት ነው። «ሰማይ ተመልካች» እንዳስረዱት ጭሱ የሚበተነው ንብርብሩ ከፈረሰ በኋላ ስለሆነ ለእናትዎ የሚስማማው መውጫ ሰዓት ቀትር ካለፈ በኋላ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ነው። መስኮቱም በዚያው ሰዓት ወለል ተደርጎ ይከፈት፤ ጀንበር ከማዘቅዘቋ በፊት ይዘጋ። ጉልበት የሚጠይቅ ሥራና ሩጫ የሚተነፈሰውን አየር በብዙ እጥፍ ስለሚጨምር ለጤነኛም ሰው ቢሆን በዚያ ሰዓት ይሻላል።

ቤቱን ስለ መዝጋት አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቤት ውስጥ ከሰል የሚነድ ከሆነ ወይም ምድጃው ጭስ ማውጫ ከሌለው፣ የውጩን ጭስ ለመሸሽ ብሎ በርና መስኮት መጠረቃቀም ሞት ሊያስከትል ይችላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መፍዘዝ ሲጀምር ሰዎች ብርድ መትቶኝ ነው ብለው ይተኛሉ። እንዲህ ባለ ቤት የውጩ አየር የቱንም ያህል ቢከፋ ማናፈሻ መኖር አለበት።

አቅም ከፈቀደ እናትዎ የሚያድሩበትን አንድ ክፍል ብቻ ንጹሕ ማድረግ ቤቱን ሁሉ ለማጥራት ከመሞከር ይሻላል። ሄፓ የሚባለው ማጣሪያ 0.3 ማይክሮሜትር ከሚሆኑት ቅንጣቶች 99.97 በመቶውን ይይዛል። ይህ ካልተገኘ ጥሩ የአየር ማጣሪያ ተራ ማራገቢያ ላይ ዙሪያውን አሽጎ ማሰርም ይረዳል፤ ነጩ ማጣሪያ በብርድ ወራት ምን ያህል ፈጥኖ ወደ ግራጫ ከዚያም ወደ ቡናማ እንደሚለወጥ ያየ ሰው ስለ ጭሱ ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። ማስክን በተመለከተ የጨርቁም ሆነ ተራው የሕክምና ማስክ ለደቃቅ ብናኝ እምብዛም አይጠቅምም። ኤን 95 ወይም ኤፍ.ኤፍ.ፒ. 2 የሚባሉት ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን ፊት ላይ ካልገጠሙ አየሩ በጠርዛቸው ሾልኮ ይገባል። አስም ላለባቸው አረጋውያን ሲደረጉ ትንፋሽ ስለሚያከብዱ አስቀድሞ ሐኪማቸውን ማማከር ተገቢ ነው።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ በየቀኑ እንዲወሰድ የታዘዘው መከላከያ መድኃኒት ሕመም በማይሰማቸውም ቀን እንዳይቋረጥ። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያርፉ መጨረስ ካቃታቸው፣ ከንፈራቸው ከጠቆረ ወይም ማስታገሻው ካልረዳቸው ማለዳ ነው፣ ምሽት ነው ሳይባል ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው። ደቃቁ ብናኝ ከሳንባ አልፎ ደም ውስጥ ስለሚገባ የልብ ሕመምንና ስትሮክንም ያባብሳል፤ ስለዚህ በእነዚህ ቀናት የደረት ሕመም ሲያጋጥም «ጭሱ ነው፣ ያልፋል» ማለት አይገባም።

ከ«ወንዝ ዳር»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የየሰዓቱን ንባብ መልሼ ስመለከተው በጠዋት ከፍ ብሎ በቅጽበት የሚወርድበት ቦታ በእርግጥም ይታያል። የቀሩኝ ሁለት ጉዳዮች ናቸው። አንደኛው አቤቱታው ነው፤ እስካሁን ከተባለው በመነሣት ፋብሪካው ነጻ ነው ልበል? ሁለተኛው፣ የአጎቴ ልጅ ከመስመሩ በላይ ወዳለው ተዳፋት ቤት ቀይሪ ይለኛል፤ ይህ ያዋጣል?

መልስ፦ ከ«የታሪክ አንባቢ»

ፋብሪካውን ነጻ ለማውጣት አይቸኩሉ፤ የዚህ ጉዳይ ታሪክ የሚጀምረው ከፋብሪካ ነውና። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1930 መጀመሪያ በቤልጅየም፣ ከሊዬዥ ከተማ በላይ ባለው የሚዩዝ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ጉምና ኢንቨርዥን ለቀናት ሲሰነብት ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሸለቆው የብረት፣ የዚንክና የማዳበሪያ ፋብሪካዎች የተደረደሩበት ነበር። ጉዳዩን ከመረመሩት አንዱ የሆነው ዣን ፊርኬ፣ እንዲህ ያለ ነገር ለንደን ላይ ቢደርስ 3,200 ያህል ሰዎች ድንገት ሊሞቱ እንደሚችሉ አስጠንቅቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1952 ለንደን ላይ በደረሰው ጭስ በመጀመሪያው ግምት ብቻ 4,000 ገደማ ሰዎች አለቁ፤ ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ቁጥሩን ከዚያ በብዙ ከፍ አድርገውታል። በሁለቱ መካከል፣ በኦክቶበር 1948 መጨረሻ፣ በአሜሪካ በሞኖንጋሄላ ወንዝ መታጠፊያ ላይ ባለችው ዶኖራ 20 ሰዎች ሞተው ከ14,000 ነዋሪዎቿ ወደ 6,000 የሚጠጉት ታመሙ። የዚንክ ፋብሪካው እሳቱን የቀነሰው በመጨረሻው ቀን ማለዳ ነበር፤ ጭሱን የገፈፈው በዚያው ቀን የጣለው ዝናብ ነው።

ይሁን እንጂ ከለንደን በኋላ የመጣውን ሕግ ልብ ይበሉ። የእ.ኤ.አ. 1956ቱ የብሪታንያ የንጹሕ አየር ሕግ ያተኮረው በፋብሪካ ላይ ብቻ ሳይሆን በየቤቱ ምድጃ ላይም ነበር፤ ምክንያቱም ከጣሪያ ጥቂት ከፍ ብሎ የሚለቀቅ ጭስ ሰው ከሚተነፍስበት አየር እምብዛም አይርቅም። የቅርብ ጊዜውን ምሳሌ ከፈለጉ በአውስትራሊያ፣ በታዝማኒያ ደሴት በታማር ሸለቆ ውስጥ ያለችውን ላውንሰስተንን ይመልከቱ። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የእንጨት ማሞቂያዎችን በኤሌክትሪክ ለመተካት በሠራችው ሥራ እንጨት የሚያነድዱት ቤቶች ከ66 በመቶ ወደ 30 በመቶ ወረዱ፤ በቀዝቃዛው ወቅት የነበረው የፒ.ኤም. 10፣ ማለትም ስፋቱ ከ10 ማይክሮሜትር የማይበልጠው ብናኝ፣ አማካይም ከ44 ወደ 27 ማይክሮግራም ዝቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ጥናት በወንዶች ዘንድ የሞት መጠን መቀነሱን ሲያሳይ፣ በጠቅላላው ሕዝብ ላይ የታየው ቅናሽ ግን ከአጋጣሚ በግልጽ የሚለይ አልነበረም። ውጤቱን ከዚህ አጋንነው የሚጠቅሱት ስላሉ ይህን ጨምሬ መናገሬ ተገቢ ይመስለኛል።

ለእርስዎ ከተማ ጥያቄው ሊመለስ የሚችለው በማየት ነው። ጎሕ ሲቀድ ከተዳፋቱ ላይ ሆነው የፋብሪካውን ጭስ ማውጫ ይመልከቱ። ጭሱ መስመሩን በስቶ ወጥቶ ከላይ የሚንሳፈፍ ከሆነ ሌሊቱን ወደ እናንተ አይደርስም፤ የሚደርሰው ረፋድ ላይ ንብርብሩ ሲፈርስ ነው፣ ያኔም ከእንጨት ጭስ የተለየ፣ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ ሊኖረው ይችላል። ከመስመሩ በታች የሚተኛ ከሆነ ግን ከምድጃው ጭስ እኩል ተጠያቂ ነው። ፋብሪካው ለጥገና ቆሞ ሰማዩ የጠራበትና ነፋስ የሌለበት ሌሊት ካገኙ ንባቡን ፋብሪካው ከሚሠራበት ተመሳሳይ ሌሊት ጋር ያስተያዩት። ከምሽት ጀምሮ የሚያሻቅበው ቁጥር በዚያም ሌሊት ካሻቀበ ያን ያደረገው ፋብሪካው አይደለም።

መልስ፦ ከ«ምድጃ ሠሪ»

ምድጃ ሁሉ ይከልከል የሚል ሐሳብ እንዳይመጣ ፈርቼ ነው የምጽፈው። ሌላ ማሞቂያ የሌለው ሰው ማንደዱን አይተውም፤ ጭሱን ግን በብዙ ሊቀንሰው ይችላል። የጭሱን መጠን የሚወስነው ከእንጨቱ ብዛት ይልቅ አነዳደዱ ነው።

እንጨቱ ውስጡ ያለው እርጥበት ከ20 በመቶ በታች መሆን አለበት። ለዚህም ተፈልጦ፣ ከላይ ዝናብ የሚከልል፣ በጎን ነፋስ የሚያስገባ መጠለያ ሥር ቢያንስ ስድስት ወር መክረም ይኖርበታል፤ ጠንካራው ዛፍ ከዚያም ይበልጣል። የደረቀ ፍልጥ ጫፉ ይሰነጣጠቃል፣ ሁለቱን ሲያጋጩአቸው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣሉ፤ እርጥቡ የታፈነ ድምፅ ነው ያለው። ሲያቀጣጥሉ ትልልቁን ከሥር፣ ጭራሮውን ከላይ አድርገው ከላይ ይለኩሱት፤ ከሥር የሚወጣው ጭስ በነበልባሉ ውስጥ ሲያልፍ ራሱ ይቃጠላል።

ትልቁ ጥፋት የሚሠራው ግን በመኝታ ሰዓት ነው። እሳቱ እስኪነጋ እንዲቆይ ብለው እንጨት ሞልተው የአየር ማስገቢያውን ይዘጉታል። የታፈነው እንጨት ሌሊቱን ሙሉ ያለ ነበልባል ይጨሳል፤ ይህም የሚሆነው ንብርብሩ ከሁሉ በሚጠብቅበት ሰዓት ነው። ትንሽ እሳት በደንብ አንድዶ እንዲጠፋ መተው ይሻላል። እሳቱ ከተያያዘ ከ20 ደቂቃ በኋላ ወደ ውጭ ወጥተው ጭስ ማውጫውን ይመልከቱ፤ ሙቀቱ አየሩን ሲያርገበግበው ብቻ ከታየ አነዳደድዎ ጥሩ ነው፣ ወፍራም ነጭ ወይም ሰማያዊ ጭስ ከታየ አየር ይጨምሩለት። ፕላስቲክ፣ ቀለም የተቀባ እንጨትና ቆሻሻ ምድጃ ውስጥ እንደማይገቡ መናገር የሚያስፈልግ አይመስለኝም ነበር፤ የየሰፈሩ ሽታ ግን ያስፈልጋል ይላል።

መልስ፦ ከ«ሰማይ ተመልካች»

ስለ ቤት መቀየሩ ልመለስ። ከንብርብሩ በላይ መኖር በእርግጥ ጥቅም አለው፤ የተዳፋቱ ወገብ በሌሊት ከሸለቆው ወለል ብዙ ዲግሪ ሊሞቅ ስለሚችል ለማሞቂያ የሚያስፈልገው እንጨትም ያንሳል። ነገር ግን የንብርብሩ ከፍታ በየሌሊቱ ይለያያል። መስመሩ ዛሬ ከበታችዎ ከሆነ ነገ በደጃፍዎ ሊያልፍ ይችላል፤ ጭሱ ወደ ላይ ወጥቶ የሚተኛበት ከፍታ ላይ የተሠራ ቤት አንዳንድ ሌሊት ከወንዙ ዳር የባሰ ይሆናል። ስለዚህ ቤቱን በአንድ ጥሩ ጠዋት አይተው አይወስኑ። መለኪያዎን የአጎትዎ ልጅ ወዳሰቡት ቤት ወስደው የብርዱን ወራት እዚያ ያቆዩትና ከወንዙ ዳር ካለ ሌላ መለኪያ ጋር ያስተያዩት።

እስከዚያው ድረስ መጥፎውን ሌሊት አስቀድሞ ማወቅ አስቸጋሪ አይደለም። ጀንበር ስትጠልቅ ሰማዩ ደመና ከሌለው፣ ቅጠል የማይነቃነቅ ከሆነና ከጭስ ማውጫ የሚወጣው ጭስ ጥቂት ወጥቶ ወደ ጎን ከተጋደመ የዚያ ሌሊት ነገር ታውቋል። የአየር ትንበያ ተቋማትም ይህንኑ አንድ ቀን ቀድመው መተንበይ ይችላሉ። በዚህ ዓይነት ሌሊት እሳት የሚቀነስባቸው ከተሞች ጥቂት አይደሉም። ዛፍ መትከል ያድነናል የሚል ሐሳብም ስብሰባችሁ ላይ መምጣቱ አይቀርም። ዛፍ ለብዙ ነገር መልካም ነው፤ ቅጠል የሚይዘው ደቃቅ ብናኝ ግን በጣም ትንሽ ስለሆነ በእርሱ ላይ ተስፋ አትጣሉ።

አቤቱታውን ይፈርሙ፤ ይዘቱ ግን ቢሻሻል ጥሩ ነው። «ፋብሪካው ይዘጋ» ከሚለው ይልቅ ከተማው የታመነ መለኪያ አንዱን ወንዝ ዳር፣ አንዱን ተዳፋቱ ላይ እንዲያቆም፣ የሁለቱም የየሰዓቱ ንባብ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን፣ መጥፎ ሌሊት ሲተነበይ ቅጠልና ቆሻሻ ማቃጠል እንዲከለከል ቢጠየቅ ምላሽ ለማግኘት የተሻለ ዕድል አለው። ከፋብሪካው የሚጠየቀውም በቀላሉ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ቢሆን ይመረጣል፦ የቦይለሩን ጥቀርሻ የሚያጸዳበትንና የቀዘቀዘ እሳት እንደ ገና የሚያስነሣበትን ሰዓት ከሌሊት አንሥቶ ከቀትር በኋላ እንዲያደርገው፣ የሰዓቱንም መዝገብ እንዲያሳይ።